«ብርድ ነው» ተብሎ የሚታለፈው የዳሌ ሕመም

አንዲት የ22 ወይም የ25 ዓመት ወጣት ማታ ከሥራ ስትመለስ ብሽሽቷን ይዛ ብታነክስ፣ በቤት ውስጥ የሚሰጣት ምክር የታወቀ ነው። «ብርድ መትቶሽ ነው» ትባላለች። ወገቧ በሙቅ ውሃ ይታሻል፤ ቅባት ይቀባል፤ ሕመሙ የበረታ እንደሆነም ወደ ወጌሻ ትወሰዳለች። በሥራ ቦታዋም ቀኑን ሙሉ ቆማ መዋል ሲያቅታት «ገና በዚህ ዕድሜሽ!» የሚል ትችት ይደርስባታል። እርሷም ሌላው ሁሉ የሚችለው እኔን ብቻ እንዴት አቃተኝ እያለች፣ ሕመሟን ዋጥ አድርጋ ዓመታት ታሳልፋለች።

ውድ አንባቢያችን፣ በዛሬው ዓምዳችን የምናወያይዎት ስለዚሁ ሕመም ነው። ከእነዚህ ወጣቶች መካከል የአንዳንዶቹ ችግር ብርድም ስንፍናም ሳይሆን፣ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሳይታወቅ አብሯቸው ያደገ የዳሌ መገጣጠሚያ ጉድለት ነው። ጉድለቱ በጊዜው ከታወቀ፣ የገዛ መገጣጠሚያቸውን አውጥቶ መጣል ሳያስፈልግ የአጥንቱን አቀማመጥ በማስተካከል ብቻ የሚረዳ ቀዶ ሕክምና አለ። ጊዜው ካለፈ ግን ይህ በር ይዘጋል። ስለሆነም ነገሩን እናትም፣ እህትም፣ ሠራተኛዋ ራሷም ልታውቀው የሚገባ ነው።

ኳሱና ጎድጓዳው

ጭን ከዳሌ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው እንደ ኳስ የከበበው የጭን አጥንት ራስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ይህ ራስ ገብቶ የሚያርፍበት የዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ነው። ሁለቱም ልም አጥንት በሚባል ለስላሳና አንሸራታች ሽፋን የተሸፈኑ ናቸው። በምንራመድበት ጊዜ መገጣጠሚያው ከሰውነታችን ክብደት ከ2 እጥፍ በላይ የሆነ ጫና ይሸከማል። ጎድጓዳው ጥልቅ ሆኖ ኳሱን ከላይ በሚገባ ከሸፈነው ጫናው በሰፊው ይከፋፈላል፤ ልም አጥንቱም ዕድሜ ልክ ሊያገለግል ይችላል።

የአንዳንድ ሰዎች ጎድጓዳ ግን ጥልቀት ያጣና ወደ ውጭ ያዘነበለ ሆኖ ያድጋል። ይህ በሕክምና ቋንቋ የዳሌ ዲስፕላዝያ ይባላል። ነገሩን በቀላሉ ለመረዳት አንድ እንቁላል በስኒ ውስጥ ሲቀመጥና በስኒ ማስቀመጫ ላይ ሲቀመጥ ያለውን ልዩነት ያስቡ። በስኒው ውስጥ ጸንቶ ይቀመጣል፤ በማስቀመጫው ላይ ግን ወደ ጠርዙ ይንከባለላል። የዳሌ ጎድጓዳም ጥልቀት ሲያጣ የሰውነት ክብደት በጠርዙ ላይ ባለች ጠባብ ቦታ ይወድቃል። በመጀመሪያ በጠርዙ ዙሪያ ያለው ለስላሳ ቀለበት ይጎዳል፤ ቀጥሎ ልም አጥንቱ ይሳሳል፤ በመጨረሻም አጥንት ከአጥንት ጋር ይፋተጋል። የተሰበረ አጥንት ሊገጥም ይችላል። አንድ ጊዜ ያለቀ ልም አጥንት ግን ተመልሶ እንደ ድሮው አይሆንም። የጊዜው ጉዳይ አሳሳቢ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጎድጓዳው ኳሱን ምን ያህል እንደሚሸፍን በራጅ ፎቶግራፍ ላይ በዲግሪ የሚለካበትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1939 የገለጸው ጉናር ቪበርግ የተባለ የስዊድን ሐኪም ነው። ዛሬም ሐኪሞች በዚሁ ልክ ይጠቀማሉ። ልኩ ከ25 ዲግሪ በላይ ሲሆን ሽፋኑ እንደ ደኅና ይቆጠራል፤ ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን ደግሞ ጎድጓዳው ጥልቀት እንደጎደለው ይታወቃል። ከዚህ የምንረዳው አንድ ተራ የራጅ ፎቶግራፍ፣ የሚያውቅ ዓይን ካየው፣ የዓመታትን ጥያቄ ሊመልስ እንደሚችል ነው።

ማንን ያጠቃል? በምን ይታወቃል?

ይህ ጉድለት በሴቶች ላይ ይበዛል። ከ10 ሕሙማን 8 ያህሉ ሴቶች ናቸው። በመቀመጫቸው የመጡ ሕፃናት፣ የበኩር ልጆች፣ እንዲሁም ከወላጆቻቸው ወይም ከእህትና ከወንድሞቻቸው መካከል ይኸው ችግር የነበረበት ሰው ያላቸው ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ከቀኙ ይልቅ ግራው ዳሌ የሚጎዳበት ጊዜ ይበዛል፤ ሁለቱም አንድ ላይ የሚጎዱበት ጊዜም አለ።

ኳሱ ከጎድጓዳው ፈጽሞ የወጣ እንደሆነ ልጂቱ መራመድ ስትጀምር በማንከሷ ይታወቃል። ጎድጓዳው ጥልቀት ብቻ የጎደለው ሲሆን ግን ልጂቱ በወቅቷ ትሄዳለች፣ ትሮጣለች፣ ገመድ ትዘላለች። ማንም አይጠረጥርም። ሕመሙ ብቅ የሚለው ብዙውን ጊዜ ከአፍላነት ዕድሜ እስከ 30ዎቹ ባለው ጊዜ፣ ማለትም ሥራ በሚያዝበት፣ ትዳር በሚመሠረትበትና ልጅ በሚወለድበት ወቅት ነው።

ምልክቶቹ የሚከተሉት ናቸው። ሕመሙ ከፊት በኩል በብሽሽት ውስጥ፣ አንዳንድ ጊዜም በዳሌ ጎን ይሰማል። የት እንደሚያማት ስትጠየቅ መዳፏን በዳሌዋ ጎን አሳርፋ፣ በአውራ ጣቷና በቀሩት ጣቶቿ ከፊትና ከኋላ ጨብጣ ታሳያለች። ረጅም መንገድ ስትሄድ፣ ብዙ ስትቆም ወይም ደረጃ ስትወጣ ሕመሙ ይብስባታል። ከዝቅተኛ ዱካ ላይ ቆይታ ስትነሣ፣ ታክሲ ስትገባና ስትወርድ ይወጋታል። መገጣጠሚያው ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ወይም እግሯ በድንገት የሚከዳት ይመስላታል። ጠዋት ደኅና የነበረችው ወደ ማታ ታነክሳለች።

እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት እንዳመለከተው፣ ይህ ጉድለት ያለባቸው ወጣቶች ሕመሙ ከጀመራቸው ጊዜ አንሥቶ መንስኤው እስኪታወቅላቸው ድረስ በአማካይ ከ5 ዓመት በላይ ቆይተዋል፤ በአማካይም ከ3 በላይ የጤና ባለሙያዎች ዘንድ ተመላልሰዋል። ይህ የሆነው የራጅ መሣሪያ እንደ ልብ በሚገኝበት አገር ነው። ስለዚህ የዳሌዋ ነገር ሳይመረመር «ጀርባሽ ነው»፣ «ድካም ነው» ተብላ የተመለሰች ወጣት ተስፋ ቆርጣ መቅረት የለባትም።

ከበርን ከተማ የተነሣው ዘዴ

ፈጽሞ የተበላ የዳሌ መገጣጠሚያ በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ እንደሚተካ ብዙዎች ያውቃሉ። ይህ ሕክምና በዓለም ዙሪያ ለብዙ አረጋውያን እፎይታን አስገኝቷል። ለ25 ዓመት ወጣት ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ሰው ሠራሹ መገጣጠሚያ በጊዜ ብዛት ሊያልቅ ወይም ሊላላ ስለሚችል፣ ገና ረጅም ዕድሜ የሚቀራት ወጣት በሕይወቷ ዘመን ከአንድ ጊዜ በላይ መቀየር ሊያስፈልጋት ይችላል። ስለዚህ የአጥንት ሐኪሞች የራሷ መገጣጠሚያ ገና ሳይበላ እንዴት ማዳን ይቻላል የሚለውን ጥያቄ ሲመረምሩ ቆይተዋል።

የካናዳው ሐኪም ሮበርት ሶልተር እ.ኤ.አ. በ1957 በቶሮንቶ ከተማ የልጆችን የዳሌ አጥንት ቆርጦ ጎድጓዳውን በማዞር ማከም ጀምሮ ነበር። ይህ ዘዴ የሚሠራው የልጆች አጥንት ለጋና ተለማጭ በመሆኑ ነው። ዕድገቱን በጨረሰ ሰው ላይ ግን ጎድጓዳውን በበቂ መጠን ለማዞር ሌላ መላ ያስፈልግ ነበር።

መላው የተገኘው በስዊትዘርላንድ ዋና ከተማ በበርን ነው። ፕሮፌሰር ራይንሆልድ ጋንዝ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1984 በሕሙማን ላይ መሥራት ጀመሩ፤ በ1988ም በሕክምና መጽሔት አሳትመው ለዓለም አስታወቁ። በዚህም ምክንያት እስከ ዛሬ በከተማይቱ ስም ይጠራል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ሕመምተኛዋ ማደንዘዣ ተሰጥቷት ከተኛች በኋላ ሐኪሙ ከዳሌዋ ፊት ለፊት ከፍቶ በመግባት፣ በጎድጓዳው ዙሪያ ያለውን አጥንት በተወሰኑ ቦታዎች በጥንቃቄ ይቆርጣል። ጎድጓዳው ልም አጥንቱንና የደም ሥሩን እንደያዘ ከቀረው አጥንት ይላቀቃል። ሐኪሙ በራጅ እየተመለከተ ጎድጓዳውን አዙሮ ኳሱን ከላይ በሚገባ እንዲሸፍነው ያደርጋል፤ ከዚያም በአዲሱ ቦታ እንዲጸና በረጃጅም ብሎኖች ያስረዋል። ይህም ዝናብ የሚያስገባን ቤት ግድግዳውን ሳያፈርሱ ጣሪያውን ብቻ አስተካክሎ እንደመመለስ ያለ ነው። የዘዴው ዋና ብልኀት የዳሌ አጥንት የኋለኛው ዓምድ ሳይቆረጥ መቅረቱ ነው። ዓምዱ ስለማይነካ የዳሌው ቀለበት አይበጠስም፤ ሕመምተኛዋም በጀሶ ታስራ ለወራት መተኛት ሳያስፈልጋት በጥቂት ቀናት ውስጥ በክራንች ለመነሣት ትችላለች።

ውጤቱና አደጋው

አንባቢያችን፣ ይህን ሕክምና እንደ ተአምር አድርገን ማቅረብ አንፈልግም። በበርን እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1987 የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ 75 ዳሌዎች ለብዙ ዓመታት ክትትል ተደርጎባቸዋል። ከ20 ዓመት በኋላ ከ10 ዳሌዎች 6 ያህሉ በራሳቸው መገጣጠሚያ ይሠሩ ነበር፤ ከ30 ዓመት በኋላ ደግሞ ከ3ቱ 1 ያህሉ። እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ሲሆኑ፣ በመካከላቸውም መገጣጠሚያቸው አስቀድሞ መበላት የጀመረባቸው ነበሩ። የተሻለ ውጤት የታየው በወጣትነታቸው፣ ልም አጥንታቸው ሳይጎዳ በተሠሩት ላይ ነው። በ25 ዓመቷ የታከመች ሴት 20 ዓመት አገኘች ማለት፣ ልጆቿን ወልዳ አሳድጋ፣ ሥራዋንም ሠርታ በራሷ ዳሌ ቆየች ማለት ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በአንጻሩ ቀዶ ሕክምናው ከባድ ነው። የደም መፍሰስ፣ የቁስል መመረዝ፣ በእግር ደም ሥር ውስጥ የደም መርጋት ሊያጋጥም ይችላል። የተቆረጠው አጥንት ለመግጠም ሊዘገይ ይችላል። በጭን ጎን ያለው ቆዳ መደንዘዝም የተለመደ ነው። ስለዚህም በዚህ ሥራ ልዩ ሥልጠናና ልምድ ያለው ሐኪም ያሻዋል። ልም አጥንቱ ፈጽሞ ላለቀበት መገጣጠሚያ ግን ይህ ዘዴ አይጠቅምም፤ ለዚያ የሚሻለው ሰው ሠራሹ ነው። ጉድለቱ መጠነኛ ለሆነባትና ሕመሙ ላልበረታባት ደግሞ የዳሌን ጡንቻ የሚያጠነክር ስፖርት፣ ክብደትን መቀነስና የሥራን ሁኔታ ማሻሻል ሊበቃት ይችላል። የትኛው እንደሚስማማት የሚወስነው መርምሮ ያያት ሐኪም ነው።

ቤተሰብና ሥራ

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ድረስ በተሠራው እግር ላይ ሙሉ ክብደት መጣል አይፈቀድም። አጥንቱ በሚገባ ለመግጠም 3 ወር ያህል ይፈጃል፤ ጡንቻው ሙሉ ኃይሉን እስኪያገኝ ደግሞ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ይወስዳል። ይህን የሚያውቅ ቤተሰብ አስቀድሞ መመካከር አለበት። ጄሪካኑን ማን ያነሣል? ልጁን ማን ያዝላል? ልብሱን ማን ያጥባል? እነዚህ ጥያቄዎች ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ሳይሆን ከመግባቷ በፊት መልስ ማግኘት ይኖርባቸዋል። በክራንች የምትሄድ ሚስት ምድጃ ሥር ቆማ ባሏ ጋዜጣ የሚያነብበት ቤት፣ ሐኪሙ የሠራውን መልሶ የሚያፈርስ ቤት ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የምትተዳደር፣ የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ መብቷን ማወቅ ይጠቅማታል። በሐኪም ማስረጃ የተረጋገጠ ሕመም ሲያጋጥማት በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ታገኛለች። የመጀመሪያው 1 ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር ሲሆኑ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። ወደ ሥራ ስትመለስም ለጊዜው ተቀምጣ የምትሠራበት ቦታ እንዲሰጣት የሐኪሟን ምክር በጽሑፍ ይዛ አሠሪዋን መጠየቅ ይኖርባታል።

ብዙ ወጣቶችን የሚያስጨንቀው ሌላው ጥያቄ «ዳሌዬ ከተቆረጠ እወልዳለሁን?» የሚለው ነው። በበርኑ ዘዴ የመውለጃው መንገድ ቅርጽ እምብዛም ስለማይለወጥ፣ ቀዶ ሕክምናው ብቻውን ሴቲቱን በተፈጥሮ መንገድ ከመውለድ አይከለክላትም። ይሁን እንጂ አጥንቱ በሚገባ ገጥሞ ጡንቻው እስኪበረታ ድረስ እርግዝናን ማቆየት ይበጃል። ባረገዘች ጊዜም ታሪኳን ለአዋላጅዋ ወይም ለሐኪሟ መንገር አለባት።

መከላከል ከአንቀልባ ይጀምራል

እስካሁን የተናገርነው ጉድለቱ ሳይታወቅ ላደገች ወጣት ነው። አራስ ልጅ ያላት እናት ግን ከዚህ ቀደም ብላ ብዙ ልትረዳ ትችላለች። የሕፃን ጎድጓዳ በተወለደበት ሰሞን ገና ለስላሳ ሲሆን፣ ቅርጹን የሚይዘው ኳሱ በመካከሉ ተቀምጦ ሲጫነው ነው። ጉልበቶቹ ታጥፈው ጭኖቹ ወደ ጎን ሲከፈቱ ኳሱ በጎድጓዳው መካከል ይቀመጣል። እግሮቹ ተወጥረው አንድ ላይ ሲታሰሩ ግን ኳሱ ወደ ጠርዙ ይገፋል።

ጃፓኖች ይህን በተግባር አይተውታል። ቀድሞ ሕፃናትን እግራቸውን ዘርግተው የመጠቅለል ልማድ ነበራቸው፤ ከ100 ሕፃናትም ከ1 እስከ 3 ያህሉ የዳሌ መውለቅ ይታይባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ እናቶችና አያቶች ይህን ልማድ እንዲተዉ ሰፊ ትምህርት ከተሰጠ በኋላ፣ ቁጥሩ ከ1,000 ወደ 2 ያህል ዝቅ አለ።

በእኛ አገር አንቀልባ የሕፃኑን ጭኖች ከእናቱ ጀርባ ግራና ቀኝ ከፍቶ፣ ጉልበቱንም አጥፎ ይይዛል። ይህ አቀማመጥ ለዳሌው የሚስማማ ነው። ልጅን ማዘል የኋላ ቀርነት ምልክት የሚመስላት የከተማ እናት ካለች፣ ይህን ልታውቅ ይገባል። በአንጻሩ እግሩ ቀጥ ብሎ እንዲያድግ ተብሎ ሕፃኑን ከወገቡ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አጥብቆ መጠቅለል ወይም ሲያጥቡት እግሩን መወጠር ጎጂ ነው። ብርድ ካለ ክንዱና ደረቱ ይሸፈን፤ እግሮቹ ግን በልብሱ ውስጥ እንደ ልብ ይንቀሳቀሱ።

በመቀመጫው የተወለደ ወይም በቤተሰቡ የዳሌ ችግር ያለበት ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዳሌው ቢመረመርለት መልካም ነው። ጣሊያናዊው የሕፃናት ሐኪም ማሪኖ ኦርቶላኒ በ1930ዎቹ ያስተዋወቀው የእጅ ምርመራ ዛሬም በየአገሩ ይሠራበታል። በጊዜ ለተገኘ ሕፃን የቼኩ ሐኪም አርኖልድ ፓቭሊክ የፈጠረው፣ ጭኖችን ከፍቶ የሚይዝ የጨርቅ ማሰሪያ ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ለመዳን ይበቃል።

እንግዲህ ምን ያድርጉ?

1ኛ/ በቤትዎ የብሽሽት ሕመም ከጥቂት ሳምንታት በላይ የቆየባት ወጣት ካለች ወደ ጤና ድርጅት ይውሰዷት። ሐኪሙ ወገቧን ብቻ ሳይሆን ዳሌዋንም እንዲመለከት ይጠይቁ፤ በቆመችበት የሚነሣ የዳሌ ራጅ ያስፈልጋት እንደሆነም ያማክሩ። እርጉዝ ከሆነች ወይም ከተጠራጠረች ራጅ ከመነሣቷ በፊት ትናገር።

2ኛ/ ከሕመሙ ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ካለ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስና ሌላም መመረዝ የዳሌን መገጣጠሚያ ሊያጠቃ ይችላል።

3ኛ/ መታሸት ለጊዜው ጡንቻን ሊያዝናና ይችል ይሆናል፤ ጥልቀት ያጣ ጎድጓዳን ግን ጥልቅ አያደርግም። ስለዚህ ዳሌዋን ለማስጎተትና ለማስጠምዘዝ አይሞክሩ። የሕመም ማስታገሻ ክኒንም ያለ ሐኪም ምክር ለወራት አይዋጥ፤ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል።

4ኛ/ የራጁን ፎቶግራፍ አይጣሉ። የዛሬው ከሚቀጥለው ዓመት ጋር ሲነጻጸር ልም አጥንቱ እየሳሳ መሆኑን ወይም ባለበት መቆየቱን ያሳያል።

5ኛ/ ጉድለቱ ከተገኘባት እህቶቿንና ሴት ልጆቿንም ያስታውሱ። ነገሩ በቤተሰብ ይወረሳልና።

የአባቶችና የእናቶች ምክር «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል። የዳሌ ልም አጥንት እሳቱ ከያዘው በኋላ የሚመልሰው የለም። ቅጠሉ በእጅዎ ሳለ ግን፣ ማለትም ወጣቷ ገና ማታ ማታ ብቻ በምታነክስበት ጊዜ፣ አንድ ራጅና አንድ ጠንቃቃ ሐኪም የብዙ ዓመት ስቃይ ሊያስቀሩላት ይችላሉ። ስለዚህ የሚቀጥለው ጊዜ «ብርድ ነው» ከማለትዎ በፊት የት እንደሚያማት ይጠይቋት፤ እጇንም ወዴት እንደምታሳርፍ ልብ ብለው ይመልከቱ።